ዳገቱ መሃል ላይ ለሚሰበሩ ሯጮች፦ ለ10 ኪሎ ሜትር ውድድር አእምሮን የማሠልጠን መመሪያ

ኅዳር በተቃረበ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይደርሰኛል። ጠያቂው ይለያያል፤ ጥያቄው ግን ያው ነው፦ «ልምምድ ላይ ደህና እሮጣለሁ፤ የውድድሩ ዕለት ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ። በየሳምንቱ የምሮጠው ርቀት ያቅተኛል። ምን ይሻለኛል?» ቅዳሜና እሑድ ማለዳ አብረውኝ ከሚሮጡት መካከል ይህን ያልጠየቀኝ ሰው ጥቂት ነው። ለእያንዳንዱ ከምመልስ በተራ ጽፌ ላስቀምጠው።

መመሪያው ለታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ወይም ለሌላ የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር ለሚዘጋጅ፣ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ለሚሮጥና ርቀቱን ሳያቋርጥ መጨረስ ለሚችል ሰው ነው። ርቀቱን ገና ካልቻላችሁት የጎደላችሁ የእግር ሥራ ስለሆነ መጀመሪያ ኪሎ ሜትር ጨምሩ። ሥልጠናው ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ ከሩጫው ውጭ በቀን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል።

ስለ ወኔ ብዙ አላወራም። ወኔ መነሻው መስመር ላይ ለሁሉም በነጻ ይታደላል፤ ሙዚቃው፣ ጭፈራው፣ አንድ ዓይነት ካናቴራ የለበሰው ሕዝብ ይሰጣችኋል። ዳገቱ ላይ ያልቃል። የምንለማመደው ካለቀ በኋላ ምን እንደምናደርግ ነው፤ ያንንም የምንወስነው ቤት ተቀምጠን እንጂ እግራችን በዛለበት ሰዓት አይደለም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ደብተርና እስክሪብቶ። ስልክ ላይ መጻፍም ይቻላል፤ ነገር ግን ስልኩን ስትከፍቱ ሌላ ነገር ይጠራችኋል።
- ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት። ርቀት የሚለካ ከሆነ ጥሩ፣ ካልሆነም ግድ የለም።
- መደገፊያ ያለው ወንበርና ለሩብ ሰዓት ማንም የማይጠራችሁ ቦታ።
- የውድድሩ ዕለት የምታደርጉት ጫማ። ወንበር ላይ ለመቀመጥ ጫማ ምን እንደሚያደርግ አራተኛው ደረጃ ላይ ታገኙታላችሁ።
- በሳምንት አንድ ጊዜ የምትሮጡበት፣ ዳገት ያለው የታወቀ መንገድ።
- ላብ ቶሎ የማያስለቅቀው ማርከር።

1. የምትሰበሩበትን ቦታ ፈልጉ (አንደኛው ሳምንት)

«አእምሮዬ ደካማ ነው» የሚል ሰው ገና ምንም አልነገረኝም። የት ላይ? ምን ሲሆን? የመጨረሻዎቹን ሦስት ከባድ ሩጫዎች አስታውሱና ለእያንዳንዳቸው ሦስት ነገር ጻፉ፦ ለመቆም ያሰባችሁት የት ቦታ ላይ ነው? ያን ጊዜ ሰውነታችሁ ላይ ምን ተሰማችሁ? በጭንቅላታችሁ ውስጥ ምን ዓረፍተ ነገር አለፈ? ዓረፍተ ነገሩን ሳታሳምሩ እንደወረደ ጻፉት።

ከራሴ ደብተር አንዱን ላሳያችሁ፦ «6 ኪሎ ሜትር ተኩል አካባቢ፣ ዳገቱ መሃል። ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ወጥቷል። የትምህርት ቤት ቱታ የለበሰ ልጅ እያወራ አለፈኝ። ዛሬ ቀኔ አይደለም አልኩ።» ይህችን «ዛሬ ቀኔ አይደለም» የምትል ዓረፍተ ነገር በሦስቱም ሩጫዎች አገኘኋት። በሦስት የተለያዩ ቀናት ቀኑ ያልሆነለት ሰው ቀኑን ሊከስስ አይችልም።

ይህ ደረጃ የሚጠቅመው፣ ድካም ሳይታሰብ ሲመጣ አደጋ ስለሚመስል ነው። ቦታውንና የሚያመጣውን ቃል አስቀድማችሁ ካወቃችሁት ግን ሲመጣ «መጣህ?» ትሉታላችሁ። የሚቀጥሉት ደረጃዎች በሙሉ የሚሠሩት በዚህ ገጽ ላይ በጻፋችሁት ነገር ነውና አትዝለሉት።

2. ሦስት ግብ ጻፉ

አንዱ የሰዓት ግብ ነው፤ ለምሳሌ 55 ደቂቃ። ሁለተኛው ነገሩ ሲበላሽ የምትቀበሉት ግብ ነው፤ 60 ደቂቃ፣ ወይም ሳይራመዱ መጨረስ። ሦስተኛው የአሯሯጥ ግብ ነው፤ ዋናውም እርሱ ነው፤ ምክንያቱም ሙሉ በሙሉ በእጃችሁ ያለው እርሱ ብቻ ነው። «የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር ከ5 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ በታች አልሮጥም»፣ «ዳገት ላይ እርምጃዬን አሳጥራለሁ» የሚል ዓይነት።

በታላቁ ሩጫ ከ40,000 ሰው በላይ አብሯችሁ ይነሣል። የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር በትከሻ እየተገፋፋችሁ፣ አንዳንዴም እየተራመዳችሁ ልትጀምሩ ትችላላችሁ። የያዛችሁት ግብ 55 ደቂቃ ብቻ ከሆነ ገና ከመነሻው ይሞትና ለቀሪው 9 ኪሎ ሜትር የምትሮጡበት ምክንያት ታጣላችሁ።

3. የትንፋሽ ልምምድ (በየቀኑ አምስት ደቂቃ)

ተቀመጡ፣ አንድ እጃችሁን ሆዳችሁ ላይ አድርጉ። በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠራችሁ አስገቡ፣ እስከ ስድስት እየቆጠራችሁ አውጡ። በመሃል ትንፋሽ አትያዙ። ማውጫው ከማስገቢያው መርዘሙ ዋናው ነገር ነው፤ ትንፋሽ ሲወጣ የልብ ምት በተፈጥሮው ጋብ ስለሚል፣ ማውጫውን ማርዘም ሰውነትን ያረጋጋል።

ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ጨምሩ፦ ባወጣችሁ ቁጥር ትከሻችሁን ጣሉት። ሁለቱ ነገሮች አብረው ሲደጋገሙ ይተሳሰራሉ። ከሳምንታት በኋላ ዳገት ላይ አንድ ረጅም ትንፋሽ ስታወጡ ትከሻችሁ ሳታዙት ይወርዳል። ስትሮጡ ግን አራትና ስድስት እየቆጠራችሁ ለመተንፈስ አትሞክሩ፤ ሰውነታችሁ ያን ጊዜ የሚፈልገው አየር ከዚያ በላይ ነው። አንድ ረጅም ማውጫ፣ ከዚያ ወደ ተለመደው።

4. ሩጫውን ዐይን ጨፍኖ መሮጥ (ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ፣ በሳምንት አራት ቀን)

የመመሪያው እምብርት ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያበላሸውም ይህንኑ ነው። እኔ እንዴት እንዳበላሸሁት ልንገራችሁ። ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ ዐይኔን ጨፈንኩ፣ ተኩሱ ተሰማ፣ ሮጥኩ፣ እጄን ዘርግቼ ገባሁ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ። ዐይኔን ስገልጥ ሰዓቴ 1 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ይላል። በዚያ ዕለት ቀነኒሳ በቀለን በብዙ ደቂቃ ቀድሜዋለሁ። እንዲህ ያለው የቀን ሕልም ነው። ከባዱ ቦታ ስለተዘለለ አእምሮ የሚማርበት ነገር አላገኘም።

ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው፦

ሀ) ጫማችሁን አድርጋችሁ ተቀመጡ፤ ከቻላችሁ ቁሙ። የእግር ጣት ጫማው ውስጥ የሚሰማው ስሜት ሳይቀር ከእውነተኛው ሩጫ ጋር ሲመሳሰል ልምምዱ ይበልጥ ይይዛል።

ለ) አንድ ቁራጭ ብቻ ምረጡ፤ በደረጃ 1 የጻፋችሁትን ቦታ። ሙሉውን 10 ኪሎ ሜትር አትሞክሩ።

ሐ) በራሳችሁ ዐይን እዩ። ራሳችሁን በቴሌቪዥን እንደሚታይ ሯጭ ከውጭ አትመልከቱ። ማየት ያለባችሁ የፊተኛውን ሰው በላብ የራሰ ጀርባ፣ የራሳችሁን እጅ ሲወዛወዝ፣ አስፋልቱን ነው። ድምፁንም ጨምሩ፦ የጫማ ኮቴ፣ የጎረቤት ትንፋሽ፣ ከመንገዱ ዳር የሚነፋ ጥሩምባ። ማለዳ የተቀባችሁት ቅባት ቢሸታችሁ በጣም ጥሩ።

መ) በእውነተኛው ጊዜ ሩጡት። ዳገቱን ለመጨረስ አራት ደቂቃ የሚፈጅባችሁ ከሆነ ዐይናችሁን ጨፍናችሁም አራት ደቂቃ ቆዩበት። ሰዓት ያዙ። መጀመሪያ ላይ በ40 ሰከንድ ጨርሳችሁ ራሳችሁን ታገኙታላችሁ፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጀምረው።

ሠ) ክፉውን አስገቡበት፣ መልሱንም አስከትሉ። ጭናችሁ ይቃጠል፣ ያ ልጅ እያወራ ይለፋችሁ፣ ያች የታወቀች ዓረፍተ ነገር ትምጣ። ከዚያ ትንፋሻችሁን አውጡ፣ ትከሻችሁን ጣሉ፣ እርምጃችሁን አሳጥሩ፣ ቀጥሉ። የምትለማመዱት ይህን ማርሽ ለውጥ ነው። አንድን እንቅስቃሴ አጥርቶ ማሰብ፣ እንቅስቃሴውን በእውን ስናደርግ ከሚሠሩት የአንጎል ክፍሎች የተወሰኑትን ያሠራል። ስለዚህ ሳንባችሁን ባያጎለብትም ዳገቱ ላይ የምትሰጡትን ምላሽ ያስለምዳችኋል።

የውድድሩ መስመር ሲታወቅ አንድ ማለዳ በእግራችሁ ሂዱበት። ዳገቱ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ በዐይን በሚታይ ምልክት ያዙ፦ ድልድይ፣ ነዳጅ ማደያ፣ ትልቅ ዛፍ። አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው። ከአሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር መስመሩን አስቀድመው አይተው፣ ያን ጊዜ ከማጠናቀቂያው ብዙም ሳይርቅ ቆሞ የነበረውን የአክሱም ሐውልት የመጨረሻው ጥቃት መነሻ አድርገው መረጡት። በውድድሩ ምሽት ሐውልቱ ጋ ሲደርስ የሚያሰላው ነገር አልነበረም። እናንተ ሐውልት አያስፈልጋችሁም፤ ነዳጅ ማደያው ይበቃል።

5. ቃላችሁን ምረጡ

በደረጃ 1 ለጻፋችሁት ዓረፍተ ነገር መልስ ጻፉለት። መልሱ እውነት መሆን አለበት። «አልደከመኝም» አይሠራም፤ እግራችሁ የሚያውቀውን ነገር መዋሸት ነው። ለ«ዛሬ ቀኔ አይደለም» የጻፍኩት መልስ «ይህ ዳገት ነው፤ አራት ደቂቃ ነው» የሚል ነበር። የሚያኮራ ነገር የለውም፤ ግን ልከራከረው አልችልም።

ከዚያ ከእርምጃችሁ ጋር የሚሄድ አጭር ቃል ምረጡ። ሁለት ዓይነት ያስፈልጋችኋል። ለዳገት ሥራ የሚያዝዝ ቃል ይሻላል፦ «እጅ፣ እጅ» (እጅ ሲወዛወዝ እግር ይከተላል)፣ ወይም «አጭር፣ አጭር»። ለመጨረሻዎቹ 2 ኪሎ ሜትሮች የሚያበረታ ቃል ይሻላል፦ «በርታ»፣ «ግፋ»፣ «አይዞህ»፣ «አይዞሽ»። ለራስ በሁለተኛ መደብ መናገር፣ ማለትም «እችላለሁ» ከማለት «ትችላለህ» ማለት፣ ለብዙ ሯጮች ይሻላቸዋል፤ ከውጭ የመጣ የወዳጅ ድምፅ ይመስላል። በዚህ ረገድ ቋንቋችን አግዞናል፤ «አይዞህ»ን ማንም ወደ «እኔ» ለውጦት አያውቅም።

«እንዳትቆም»፣ «እንዳትራመድ» የሚሉ ቃላትን ተዉ። መቆምን እያነሡ ስለ መቆም አለማሰብ ከባድ ነው። የታዋቂ አትሌት አባባልም አትዋሱ። አፋችሁ የማያውቀው ቃል ስትደክሙ አይመጣላችሁም።

6. መንገዱን ቆራርጡ

10 ኪሎ ሜትር ባንድ ጊዜ ለማሰብ ይከብዳል፤ ሦስት ቦታ ክፈሉትና ለእያንዳንዱ አንድ የትኩረት ነጥብ ስጡት። እኔ የማከፋፍለው እንዲህ ነው።

ከ0 እስከ 3፦ ትዕግሥት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እዚህ ጋ ይሠራል፤ እግር ትኩስ ነው፣ ሕዝቡ ይጮኻል፣ ሁሉም ያልፋችኋል። ትኩረታችሁ ሰዓታችሁ ላይ ይሁን። ከልምምድ ፍጥነታችሁ ከቀደማችሁ ዘግዩ።

ከ3 እስከ 7፦ ሥራ። ትንፋሽ፣ ትከሻ፣ እርምጃ። በየኪሎ ሜትሩ አንድ ጊዜ ከላይ ወደ ታች ራሳችሁን ፈትሹ፦ መንጋጋዬ ተነክሷል? ጡጫዬ ተጨብጧል? የተነከሰና የተጨበጠ ሁሉ ጉልበት ይበላል።

ከ7 እስከ 10፦ ሰው። ከፊታችሁ 20 ሜትር ያህል ያለ አንድ ሰው ምረጡና ድረሱበት፤ ከዚያ ሌላ። ትኩረታችሁ ከሚያማችሁ እግር ወደ ውጭ እንዲወጣ ነው። ካናቴራው አንድ ዓይነት ስለሆነ በካናቴራ አትለዩ፤ በኮፍያ ወይም በሹሩባ ለዩ። አንድ ጊዜ «ያ ካናቴራ የለበሰው» ብዬ መርጬ የት እንደገባ ሳላውቀው ቀርቻለሁ።

7. የ«ከሆነ» ዝርዝር

ከአምስት የማይበልጡ ዓረፍተ ነገሮች፦ «ይህ ከሆነ፣ ይህን አደርጋለሁ።»

- መነሻው ላይ ከታፈንኩ፣ አልጋፋም፤ እስኪሰፋ እሄዳለሁ።
- ጎኔን ከወጋኝ፣ ፍጥነት ቀንሼ አሥር ረጅም ትንፋሽ አወጣለሁ።
- የጫማዬ ክር ከተፈታ፣ ወደ ዳር ወጥቼ ተንበርክኬ በደንብ አስራለሁ።
- ሰዓቴ ከጠፋ፣ መናገር በምችለው ልክ እስከ 3 ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ።
- ያች ዓረፍተ ነገር ከመጣች፣ መልሷን እሰጣለሁ።

ቀድሞ የተወሰነ ነገር ሲደክሙ ማሰብ አይጠይቅም፤ ምልክቱ ሲታይ ድርጊቱ ይከተላል። የጫማ ክር ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን «ላስረው ወይስ ልተወው» እያለ 2 ኪሎ ሜትር የተሟገተ ሰው አውቃለሁ።

8. ሁሉንም ልምምድ ላይ ሞክሩት (ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ሳምንት)

በሳምንት አንድ ቀን ዳገት ሥሩ፦ ሁለት ሁለት ደቂቃ አምስት ጊዜ፣ ወደ ታች በሶምሶማ እየተመለሳችሁ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዝም ብላችሁ ሩጡ። ቃሉንና ትንፋሹን አራተኛውና አምስተኛው ላይ አውጡ፤ ሳይደክሙ የተለማመዱት ቃል ሲደክሙ አይገኝም። ረጅሙን ሩጫ ደግሞ ሁለት ጊዜ ያህል ያለ ሙዚቃ ሩጡት። ሙዚቃ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ጭንቅላታችሁ ሲደክም ምን እንደሚል መስማት ስላለባችሁ ነው።

ከልምምድ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ስልካችሁን አስቀምጡ፣ የሒሳብ ሥራም አትክፈቱ። አእምሮ ደክሞ የተጀመረ ሩጫ፣ ጡንቻና ልብ ደህና ሆነው ሳለ፣ ከእውነቱ የከበደ ሆኖ ይሰማል።

9. የመጨረሻው ሳምንትና ማለዳው

በዚህ ሳምንት አዲስ ነገር አትጀምሩ። ዐይን ጨፍኖ መሮጡን ወደ አምስት ደቂቃ ቀንሱት። ማታ ልብስ፣ ጫማ፣ የደረት ቁጥር፣ መርፌ ቁልፍ አንድ ቦታ ይቀመጥ። እንቅልፍ እምቢ ካላችሁ አትደንግጡ፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ምሽቶች በደንብ ከተኛችሁ አንድ የተቆራረጠ ሌሊት ሩጫችሁን አያበላሽም።

ማለዳ ልባችሁ ይመታል፣ ሆዳችሁ ይላወሳል፣ መጸዳጃ ቤት ደጋግማችሁ ትሄዳላችሁ። «ፈራሁ» አትበሉት፤ «ሰውነቴ ተነሥቷል» በሉት። ፍርሃትና ጉጉት ሰውነት ላይ የሚያሳዩት ምልክት ተመሳሳይ ስለሆነ ስሙን መቀየር ይሠራል፤ ተረጋጋ ብሎ ከመታገል ይቀላል። ቃላችሁን በማርከር ግራ እጃችሁ ላይ ጻፉ። መነሻው ላይ ሦስት ረጅም ትንፋሽ አውጡ፣ እጃችሁን አንድ ጊዜ እዩ፣ በቃ።

10. በዚያው ዕለት ጻፉ

ገላችሁን ከታጠባችሁ በኋላ ሦስት መስመር፦ ያች ቦታ ላይ ምን ሆነ? የትኛው መሣሪያ ሠራ? የትኛው ጨርሶ ትዝ አላለኝም? ማክሰኞ ስትጽፉት ሌላ ሩጫ ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚሠራቸው ስሕተቶች

በውድድሩ ሳምንት መጀመር፤ ይህ ዋዜማ ላይ አዲስ ጫማ እንደመግዛት ነው። አልጋ ላይ ተኝቶ ዐይን መጨፈን፤ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ታንኮራፋላችሁ። አሥሩንም ደረጃ እኩል ለመያዝ መሞከርም እንዲሁ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ የማይጠቅማችሁን ጣሉ። ሌላው ደግሞ አንድ ቀን ቃሉ ስላልሠራ «እኔ ላይ አይሠራም» ማለት ነው። ዳገት አንድ ቀን ሮጣችሁ እግራችሁ እንደማይጠነክር ሁሉ ይህም ድግግሞሽ ይፈልጋል።

ማስጠንቀቂያ

- ቃላችሁ ለድካም እንጂ ለሕመም አይደለም። ደረት ላይ ሕመም ወይም ጫና፣ ማዞር፣ የተዛባ የልብ ምት፣ ወይም አንድ ቦታ ላይ የሚወጋና አረማመድ የሚያስቀይር ሕመም ከተሰማችሁ ቁሙ፣ የሕክምና ባለሙያ እርዳታም ጠይቁ። እዚህ ላይ «አይዞህ» አትበሉ።
- ከዝቅተኛ ቦታ ወይም ከውጭ አገር ለውድድሩ የምትመጡ፦ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ትንፋሽ ማጠሩ አየሩ ስለሳሳ እንጂ አእምሮ ስለደከመ አይደለም። የሰዓት ግባችሁን ቀለል አድርጉት፣ የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር ይበልጥ አዝግሙ።
- የትንፋሽ ልምምዱ ካዞራችሁ አቁሙና እንደወትሮው ተንፍሱ።
- መኪና እየነዳችሁ ወይም መንገድ እያቋረጣችሁ ሩጫውን በሐሳብ አትሩጡ።
- ዐይን መጨፈን ከባድ ትዝታ የሚያመጣባችሁ ከሆነ ዐይናችሁን ገልጣችሁ ወለሉን እያያችሁ ሥሩት። ጭንቀቱ ከሩጫ አልፎ እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት ከከለከላችሁ ደብተር አይበቃም፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ አነጋግሩ።

ይህን ስታነቡ ውድድሩ ሁለት ሳምንት ብቻ ቀርቶት ከሆነ፣ 1ን፣ 5ንና 7ን ብቻ ሥሩ፤ የቀረውን ለሚቀጥለው ዓመት አቆዩት።